ማሽኑን ከመውቀሳችን በፊት

በዲፓርትመንታችን ሲኒየር ፕሮጀክት ሲቀርብ በየዓመቱ የምትደጋገም መልስ አለች። ፈታኙ «ፕሮግራማችሁ ለምን ይዘገያል?» ይላሉ። ተማሪው «ማሽኑ ደካማ ሆኖ ነው» ይላል፤ ይታለፋል። እኔ ግን ይህች መልስ ነጥብ ልታስቀንስ ይገባል ባይ ነኝ።

ግምቱን ምን አመጣው? ጂፕሮፍ የተባለው መሣሪያ እንደሆነ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል፤ ለሊኑክስም በነፃ ይገኛል። ኮዱን በጂሲሲ ኮምፓይል ስናደርግ «ፒጂ» የምትባለውን ምልክት እንጨምርና ፕሮግራሙን እንደወትሮው እናስኬዳለን። ከዚያ የትኛው ፈንክሽን ስንት ጊዜ እንደተጠራ፣ ማን እንደጠራውና ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደ በሠንጠረዥ ያወጣልናል።

ሠንጠረዡን ማንበብ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። የጥሪው ብዛት አንድ በአንድ የተቆጠረ ነው። የወሰደው ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ በየ0.01 ሴኮንዱ «አሁን የት ነህ?» እየተባለ በናሙና የተሰላ ነው። አንድን ፈንክሽን ሁለት ጠሪዎች ቢጠሩት ደግሞ ጂፕሮፍ ጊዜውን የሚያካፍላቸው በጥሪ ብዛት ነው፤ አንዱ አሥር መዝገብ፣ ሌላው መቶ ሺህ መዝገብ ይዞ ቢመጣም ለእሱ እኩል ናቸው! ስለዚህ እኔ መጀመሪያ ዓይኔን የምጥለው የጥሪው ብዛት ላይ ነው።

የጥሪ ብዛት ምን ጉድ እንደሚያመጣ ጂቲኤ ኦንላይን የተባለው ጌም ያሳየናል። ጌሙ የወጣው በ2013 እ.ኤ.አ. ሲሆን ለዓመታት ለመከፈት ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። በ2021 አንድ ተጫዋች 6 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ሰለቸውና፣ ያውም የጌሙ ምንጭ ኮድ በእጁ ሳይኖር፣ በፕሮፋይለር መረመረው። ለካ ጌሙ 10 ሜጋባይት የሚያህል ጽሑፍ ሲያነብ፣ እያንዳንዷን ዋጋ ባነሳ ቁጥር ስትርሌን እየተጠራ የቀረውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ይቆጥራል! ይህንንና ሌላ አንድ ብክነት ሲያርም የመጠበቂያው ጊዜ 70 በመቶ ገደማ ቀነሰ። የጌሙ ባለቤት ሮክስታርም ግኝቱን ተቀብሎ 10,000 ዶላር ከፈለው። ማሽኑ ያው ማሽን ነው።

የእኛም ኮድ ከዚህ አይርቅም። የፎር ሉፕ ማቆሚያ ላይ ስትርሌን የሚጽፍ ስንቱ ነው? 10,000 ፊደል ላለው ጽሑፍ፣ ኮምፓይለሩ ካላዳነን በቀር፣ 100 ሚሊዮን ቆጠራ መሆኑ ነው።

«ጊዜ የለም» የሚሉ ይኖራሉ። ግማሽ ቀን አይፈጅም እኮ። ከፕሮጀክቱ ሪፖርት ጋር አንድ ገጽ የፕሮፋይል ውጤት ይያያዝ፣ ፈታኞችም ከእሱ ላይ ይጠይቁን። ብቻ ፕሮግራሙ የሚሞከረው እንደ ልማዳችን በ20 ተማሪ ስም አይሁን፤ ከ0.01 ሴኮንድ በታች ያለቀ ሥራ በሠንጠረዡ ላይ ዜሮ ሆኖ ቁጭ ሊል ይችላል።