ካራማራ የማን ድል ነው?

የካቲት 26 በደረሰ ቁጥር በየመኝታ ክፍሉና በየሻይ ቤቱ ያው ክርክር ይነሣል። አንዱ «ኩባዎች ባይመጡ ኖሮ ሐረርም አትተርፍም ነበር» ይላል። ሌላው «ምን ኩባ ትለኛለህ፤ የእኛ ሚሊሺያ ብቻውን ጨረሰው» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጅግጅጋ የወደቀችው ተሸጣ ነው» ይልና አጠገቡ የተቀመጠውን የሶማሌ ልጅ በጎን ያየዋል። እኛ ሦስቱንም እንጠይቃለን፤ ማስረጃችሁ የት አለ?

በመጀመሪያ «ተሸጣ ነው» የሚለውን እንመርምር። የዚያድ ባሬ ጦር በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ድንበር ጥሶ ገባ፤ መስከረም 2 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋን ያዘ። ወራሪው በታንክ ብዛት ይበልጥ ነበር። የእኛ ጦር በኤርትራ ተወጥሮ ነበር፤ አሜሪካም መሣሪያ መላኳን አቁማ ነበር፤ ደርግ ራሱ ከነባሮቹ መኮንኖች ብዙዎቹን ገድሏል፣ አስሯል። በጅግጅጋ የነበረው ወታደር አምፆ፣ የደርጉ ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ራሳቸው እስከ ግንባሩ ሄደዋል። ይህን ሁሉ «ተሸጠች» በሚል አንድ ቃል መሸፈን ለማን ይጠቅማል? ሠራዊቱን ለዚያ ያበቃው አመራር ከጥያቄ ያመልጣል፤ በእሱ ፈንታ ጎረቤት ይከሰሳል።

ወደ ድሉም እንምጣ። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ድሬዳዋ በታንክ ስትጠቃ ጠላትን የመለሱት ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ የኩባ ተዋጊ ጦር ገና አልደረሰም ነበር። ሰማዩን የያዙትም በኤፍ 5 አውሮፕላን የበረሩት የራሳችን ልጆች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ለገሠ ተፈራ በሶማሊያ እስር ቤት ከ10 ዓመት በላይ ማቅቋል። እንግዲህ «ሁሉን ያደረጉት ኩባዎች ናቸው» የሚል ሰው የእነዚህን ደም ይረሳል።

ነገር ግን «ብቻችንን ነን» የሚለውም ከዚህ አይሻልም። ከኅዳር 1970 ዓ.ም. ጀምሮ የሶቪየት መሣሪያ በአየር ጎረፈ፤ ከ10 ሺህ በላይ የኩባ ወታደር መጣ፤ በዘመቻው ዕቅድ የሶቪየቱ ጄኔራል ፔትሮቭ እጅ ነበረበት። የኢትዮጵያና የኩባ ጦር የካራማራን በር ፊት ለፊት ብቻ ከመግጠም ይልቅ ተራራውን በሰሜን በኩል ዞሮ ጠላትን ከኋላው መታ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋ ተመለሰች፤ ከ4 ቀን በኋላ ዚያድ ባሬ ጦራቸውን እንደሚያስወጡ አስታወቁ። የወደቁት ኩባውያን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ በትግላችን ሐውልት ዘንድ ይገኛል። ማየት የሚፈልግ ሄዶ ይይ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የወረረን የአንድ መንግሥት ጦር ነው። ከአካባቢው ሰው ከምዕራብ ሶማሌ ነፃ አውጪ ግንባር ጋር የተሰለፈ እንደ ነበረ አንክድም። ይሁንና ሕዝቡን በሙሉ በአንድ ስም ጠርቶ መኰነን ታሪክ ሳይሆን ስድብ ነው። በ1980 ዓ.ም. የዚያው የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ሲደበድቡ፣ ሸሽቶ የመጣውን የሶማሌ ስደተኛ ያስጠጋችው ከጅግጅጋ ብዙ የማትርቀው ሐርቲሼክ መሆኗን የሚያስታውስ ስንት ነው?

የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ እንደ ጻፉት በዚያ ጦርነት ከኢትዮጵያም ከሶማሊያም በየበኩሉ ከ6 ሺህ በላይ ወታደር ሞቷል። ይህን ያህል ሬሳ የሻይ ቤት ተረት ማጣፈጫ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ ማኅበራችን ሁለት ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የካቲት 26 በየዓመቱ በፉከራ ብቻ ሳይሆን መምህራንና ተማሪዎች ማስረጃ ይዘው በሚከራከሩበት ጉባኤ ይታሰብ። ሁለተኛ፣ በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህ፣ በአውበሬና በባቢሌ ያሉ የዘመኑ ሰዎች፣ ወታደሩም ነጋዴውም እናቲቱም፣ በአማርኛና በሶማልኛ የሚናገሩት ይመዝገብ። በዚያን ጊዜ 20 ዓመት የነበረው ዛሬ ወደ ሰባው ተጠግቷል። እኛ ማን አሸነፈ እየተባባልን ስንጨቃጨቅ ምስክሮቹ አንድ በአንድ እያለፉ ነው።

ካራማራ የማን ድል ነው? መልሱን ጩኸት አይሰጠንም። ወረቀትና እርሳስ ይዘን ወደ ሽማግሌዎቹ እንሂድ።