ሁለት ኪሎ ሽንኩርት በጨረታ?

ቴሌግራም ላይ ስልክ የሚሸጥ ቻናል የምትከታተሉ ነገሩን ታውቁታላችሁ። «የመጨረሻ ስንት?» ብሎ የሚጽፈው ሁሉ ተጫራች ነው። ታዲያ ለስልክ የሠራው ለሽንኩርትና ለቲማቲም ለምን አይሠራም? የኔ መልስ እንደ ብዛቱ ይለያያል።

ለቤት አስቤዛ አይሆንም። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ለመግዛት ጨረታው እስኪዘጋ ማን ይጠብቃል? ያውም ድስት ተጥዶ! አሸንፋችሁ ጥቂት ብር ብታተርፉ እንኳ የባጃጁ ሒሳብ ይበላዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 በጨረታ የተጀመረው ኢቤይ ራሱ ዛሬ አብዛኛውን ዕቃ የሚሸጠው በተቆረጠ ዋጋ ነው። ሮቢት ገበያ ላይ ደግሞ ሽንኩርቱን ጨብጠን፣ የበሰበሰውን ለይተን ነው የምንከራከረው። ስልክ ይህን አይተካም።

ጨረታው ትርጉም የሚኖረው በአይሱዙ ለሚጭነው ገበሬ ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው የወልድያንና የደሴን ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከደላላ አፍ ነው። ደላላው «ዛሬ ወርዷል» ካለ ወርዷል፤ ማን ያጣራል? ሽንኩርቱ ገና ሳይነቀል ሦስት አራት ነጋዴ በስልክ ዋጋ ቢያስገባ ግን ገበሬው ቢያንስ የሚያወዳድረው ነገር ያገኛል።

ችግሩ አፕ መሥራቱ ላይ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ፣ ነጋዴው ሰሊጡን በዓይኑ ሳያየው የሚገዛው መጋዘን ገብቶ፣ ተመዝኖ፣ ደረጃ ስለወጣለት ነው። ኔዘርላንድስ ለጨረታ የሚቀርበው የአገራችን ጽጌረዳም ከሽንኩርት ይልቅ ቶሎ ይጠወልጋል፤ ግን በቅዝቃዜ ተጠብቆ፣ በርዝመትና በጥራት ተለይቶ ይደርሳል። እኛ ጋ ያለው «ደረጃ» ጆንያው አፍ ላይ የተደረደረው ትልልቁ ሽንኩርት ነው። ፎቶ ቢላክ ከሥሩ ያለውን ማን ያያል?

የክፍያው ነገር ይሻላል። ጋዜጣ ላይ የሚወጡ ጨረታዎች ሲፒኦ ያስይዛሉ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ወዲህ ስላለ፣ ትንሽ ማስያዣ በስልክ መያዝ ይቻላል፤ አሸንፎ የሚጠፋ ነጋዴ ያስያዘው ለገበሬው ይቅር።

ኔትወርኩስ? በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት እንደተዘጋ ቆይቷል። ስለዚህ በዳታ ብቻ የሚሠራ ጨረታ ለኛ አይበጅም፤ በተራ ኤስኤምኤስም ዋጋ ማስገባት መቻል አለበት።

በእኔ ግምት በቲማቲም መጀመር የለበትም፤ የቆላው ሙቀት አንድ ሌሊት እንኳ አይታገሠውም። በጤፍ ወይም በደንብ በደረቀ ሽንኩርት ይጀመር፣ ጆንያው በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ፊት ተገልብጦ ይታይ፣ ይመዘን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር በጽሑፍ ይለቅ፦ ጭነቱ ደሴ ደርሶ ነጋዴው «ይሄ የተጫረትኩበት አይደለም» ቢል የመልሱን የአይሱዙ ኪራይ ማን ይከፍላል?