ሦስት ባንክ ሦስት ዘርፍ አይደለም

ባምባሲ ውስጥ በጓሮው ሦስት የማንጎ ዛፍ ያለው ሰው «ሦስት ዓይነት ሀብት አለኝ» አይልም። በምዕራብ ኢትዮጵያ ማንጎን ያጠቃው ነጭ ተባይ የዛፉ ባለቤት ማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ የጎረቤትን ዛፍ የነካ የእሱንም ይነካል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ማሽላም፣ በቆሎም፣ አኩሪ አተርም ይዘራል፤ ፍየልም ያረባል።

አክሲዮን ግዢ ላይ ሲደርስ ግን ይህ ብልሃት ይረሳል። አንድ የከተማው መምህር ከደመወዙ ቆጥቦ የሦስት ባንኮች አክሲዮን ገዛ እንበል። «ገንዘቤን በተንኩት» ብሎ ያምናል። አልበተነውም፤ የያዘው ሦስት ማንጎ ነው።

የአክሲዮን ገበያዎች ኩባንያዎችን በዘርፍ የሚከፋፍሉት ለዚህ ነው። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበትን አከፋፈል ኤምኤስሲአይ እና ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ የተባሉ ድርጅቶች በ1999 እ.ኤ.አ. አወጡት። ዛሬ 11 ዘርፎች አሉት፦ ኢነርጂ፣ ጥሬ ዕቃ (ማዕድን እዚህ ይገባል)፣ ኢንዱስትሪ፣ መሠረታዊ ፍጆታ፣ መሠረታዊ ያልሆነ ፍጆታ፣ ጤና፣ ፋይናንስ፣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ፣ ኮሙኒኬሽን፣ የመብራትና የውኃ አገልግሎት፣ ሪል እስቴት። ኩባንያው የሚመደበው በዋናነት ገቢ በሚያገኝበት ሥራ ነው። የሳሙናና የመኪና ፋብሪካ ሁለቱም ፋብሪካ ናቸው፤ ኑሮ ሲከብድ ግን ሰው መኪና መግዛት ይተዋል እንጂ ሳሙና አይተውም። ስለዚህ ዘርፋቸው ይለያያል። ድንበሩም ይለዋወጣል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የጉግልና የፌስቡክ እናት ኩባንያዎች ከቴክኖሎጂ ወጥተው ወደ ኮሙኒኬሽን ተዛውረዋል።

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 በይፋ ሲከፈት ቀድሞ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ገዳ ባንክ ነው። ሁለቱም ፋይናንስ!

«ባንክ ለነጋዴውም፣ ለፋብሪካውም፣ ለሕንፃ ሠሪውም ስለሚያበድር ባንክ መያዝ ሁሉንም መያዝ ነው» የሚል ክርክር አለ። ከፊል እውነት አለው። ያለፉት ዓመታት ታሪክ ግን ሌላውን ከፊል ያሳያል። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የግል ባንኮችን ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶውን የሚያህል ገንዘብ ለቦንድ ግዢ እንዲያውሉ ሲያስገድድ፣ ጎበዙም ሰነፉም ባንክ እኩል ከፈለ። ነሐሴ 2015 የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ሲገደብ ሁሉም ተገደቡ። ዝቅተኛው የተከፈለ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር ይሁን ሲባልም እንዲሁ። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው ሕግ በ2017 ሲጸድቅ ፉክክሩ የመጣው በሁሉም ላይ ነው። አንድ መመሪያ ሲወጣ የመምህሩ ሦስት አክሲዮኖች በአንድ ቀን ሊታመሙ ይችላሉ ማለት ነው።

ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 አክሲዮን መሸጡ በዚህ ረገድ ትልቅ ነገር ነበር። ለሽያጭ ከቀረቡት 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች የተሸጡት 10.7 ሚሊዮን ያህል ቢሆኑም ሰፊው ሕዝብ ከባንክ ሌላ ዘርፍ በስልኩ መግዛት ቻለ። ቴሌብር እያደገ ሲሄድ ይህ ኩባንያ እስከ የት ድረስ ቴሌኮም፣ ከየት ጀምሮ ፋይናንስ እንደሆነ መጠየቁ ግን አይቀርም። ናይሮቢ ላይ ሳፋሪኮምና ኤምፔሳ ያስነሱት ጥያቄም ይኸው ነው።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነገር ደግሞ ለብቻው ያስቆጫል። ክልሉ ወርቅ አለው፣ እብነ በረድ አለው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጉባ ላይ ነው። በዘርፍ ቋንቋ ጥሬ ዕቃና መብራት መሆናቸው ነው። የባምባሲ ሰው ግን በአገሩ ገበያ የሁለቱንም ባለቤትነት መግዛት አይችልም። የግድቡን ቦንድ የገዛ አበዳሪ እንጂ ባለድርሻ አይደለም፤ ግድቡ ቢያተርፍ የሚያገኘው የተነገረውን ወለድ ብቻ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የኩርሙክን ወርቅ ማዕድን የያዘው አላይድ ጎልድ አክሲዮኑን ያስመዘገበው ቶሮንቶ ነበር። ያኔ የካናዳ ጡረተኛ ከኩርሙክ ወርቅ ድርሻ መግዛት ሲችል ከአሶሳ በቅርብ ርቀት ላለው መምህር ይቀርብለት የነበረው በዋናነት ባንክ ነው።

ጋና ይህን በሌላ መንገድ ሄዳበታለች። በ1994 እ.ኤ.አ. የአሻንቲ ጎልድፊልድስን አክሲዮን ስትሸጥ ለንደን ላይ ብቻ ሳይሆን አክራ ላይም አስመዘገበችው። የአክራ ገበያ ያኔ ገና ጨቅላ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ለትልልቅ የማዕድን ፈቃዶች የአገር ውስጥ ምዝገባ ቢያንስ የድርድር ነጥብ የማይሆንበት ምክንያት የለም። መንግሥትም ወደ ገበያው የሚያመጣቸውን ድርጅቶች ሲመርጥ ከባንክ ውጭ ያሉትን ማስቀደም አለበት።

ከሁሉ የሚቀለው ግን አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን፣ አክሲዮን የሚያገበያይ ሁሉ ከሽያጩ በፊት «ይህ የፋይናንስ ዘርፍ ነው፤ ከዚህ በፊት የያዙትም የዚሁ ዘርፍ ነው» ብሎ ለገዢው እንዲያሳይ ማስገደድ ይችላል፤ በአማርኛም፣ በበርታ ቋንቋም፣ በኦሮምኛም። እስከዚያው የሁለት ባንክ አክሲዮን ያለው የባምባሲ ሰው ለሦስተኛ ባንክ የመደበውን ገንዘብ ፍየል ቢገዛበት «ኋላ ቀር» ሊባል አይገባም።