ስቃይ ሲቀንስ በሽታው ድኗል ማለት ነውን?



ለዓመታት በቁርጥማት፣ በጡንቻ ሕመም ወይም በአንጀት ቁስለት የሚሠቃይ ሰው ያለበት ቤት ምን እንደሚመስል ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ሱጁድ መውረድ የከበዳቸው እናት ወይም ሌሊቱን ሳይተኙ የሚያነጉ አባት ባሉበት ቤት «እገሌን ያዳነ መድኃኒት አለ» የሚል ወሬ ሲሰማ ልብ መንጠልጠሉ አይቀርም። በአሜሪካና በአውሮፓ ሕሙማን ዘንድ እንዲህ ከሚወራላቸው መድኃኒቶች አንዱ በአነስተኛ መጠን የሚወሰድ ናልትሬክሶን ነው። በውጭ ያለ ዘመድ «ልላክላችሁ?» ሊላችሁ ይችላልና በዚህ ወር ስለእርሱ እንነጋገር።

መድኃኒቱ ምንድን ነው?

ናልትሬክሶን አዲስ ግኝት አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 ለሄሮይንና መሰል አደንዛዥ ዕፆች ሱስ፣ በ1994 ደግሞ ለአልኮል ሱስ ሕክምና ፈቅዶታል። የተለመደው መጠን በቀን 50 ሚሊ ግራም ነው። በ1980ዎቹ ዶክተር በርናርድ ቢሃሪ የተባሉ የኒውዮርክ ሐኪም ከዚህ እጅግ ያነሰ መጠን ለሕሙማን መስጠት ጀመሩ። ዛሬ «አነስተኛ መጠን» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 4.5 ሚሊ ግራም ነው። በአሜሪካ በዚህ መጠን ተፈቅዶ የሚሸጥ የፋብሪካ ምርት ስለሌለ፣ በሐኪም ትእዛዝ ፋርማሲስት በልኩ ይቀምመዋል።

አሠራሩን በተመለከተ ተመራማሪዎች ሁለት ነገር ያስባሉ። አንደኛው፣ መድኃኒቱ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የሕመም ማስታገሻ ተቀባዮችን ስለሚዘጋ ሰውነት የራሱን ማስታገሻ አብዝቶ እንዲያመነጭ ያነሳሳል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ብግነትን የሚቀሰቅሱ ሕዋሳትን ያረጋጋል የሚል ነው።

ማስረጃው ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፋይብሮማያልጂያ በተባለ መላ ሰውነትን በሚያሳምም በሽታ የተያዙ 31 ሴቶች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። መድኃኒቱን ሲወስዱ ሕመማቸው በ28.8 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለበትን አስመሳይ ክኒን ሲወስዱ ደግሞ በ18 በመቶ ቀነሰ። ተስፋ ሰጪ ነበር። ነገር ግን በ2024 በላንሴት ሩማቶሎጂ መጽሔት የታተመው፣ 99 ሴቶችን ያካተተው የዴንማርክ ጥናት በሕመም ረገድ መድኃኒቱ ከአስመሳዩ ክኒን እንደሚበልጥ ሊያሳይ አልቻለም።

ወሬው ግን ጥናት አይጠብቅም። በኖርዌይ በ2013 ስለመድኃኒቱ አንድ የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም ከታየ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሐኪም ትእዛዝ ወስደውታል። «ርካሽ ስለሆነና ትርፍ ስለሌለው ኩባንያዎች ደበቁት» የሚሉም አሉ። የቆየ መድኃኒት ስለሆነ ለትልቅ ጥናት ገንዘብ የሚያወጣ ማነሱ እውነት ነው። ሆኖም አለመጠናቱ መሥራቱን አያረጋግጥም።

ትልቁ ስጋታችን

እኛ መድኃኒቱን አንቃወምም። ሌላው ሕክምና ያልረዳው ሰው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ቢሞክረው ነውር የለበትም። የሚያሰጋን «እርሱን ከጀመርኩ ወዲህ ሕመሙ ቀለለኝ» ብሎ ዋናውን መድኃኒት የሚያቆም ሰው ነው።

ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለበት ሰው የሚወስደው ሜቶትሬክሴት ሕመም ማስታገሻ ብቻ አይደለም፤ መገጣጠሚያው ተበልቶ እንዳይጣመም የሚከላከል ነው። ሕመሙ ቀንሶ እያለ ውስጥ ውስጡን አጥንቱ ሊጎዳ ይችላል። ሉፐስ ደግሞ ምንም ሕመም ሳይሰማ ኩላሊትን ሊያበላሽ ይችላል። ጉዳቱ የሚታወቀው በሽንትና በደም ምርመራ ነው። ስለዚህ የስቃይ መቀነስና የበሽታ መቆም አንድ አይደሉም። ናልትሬክሶን እነዚህን አካላት ከጉዳት እንደሚያድን የሚያረጋግጥ በቂ ጥናት የለም። ከዋናው ሕክምና ጎን ሊቆም ይችል ይሆናል፤ ሊተካው ግን አይገባም።

ልታውቋቸው የሚገቡ ነገሮች

ትራማዶል፣ ኮዴይን ወይም ሞርፊን የሚወስድ ሰው ናልትሬክሶንን መውሰድ የለበትም። ማስታገሻውን ያከሽፍበታል፤ ብርቱ ሕመምና ማስመለስም ሊያስከትልበት ይችላል። ቀዶ ጥገና ያለበትም አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። የጉበት በሽታ ያለበት፣ እርጉዝና የምታጠባ እናትም ሳይጠይቁ አይጀምሩ። እንቅልፍ ማጣት፣ እንግዳ ሕልም፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊያጋጥሙ ይችላሉ።

50 ሚሊ ግራሙን ክኒን በቢላ ቆራርጦ ወይም በውኃ በጥብጦ ቤት ውስጥ መመጠን አይገባም። 4.5 ሚሊ ግራም ማለት የክኒኑ አንድ አሥራ አንደኛ ያህል ነው፤ ይህን በዓይን መለካት አይቻልም። ቅመማ ራሱ አማና ነው። በ2012 በአሜሪካ በሻጋታ የተበከለ የተቀመመ መርፌ ከ750 በላይ ሰዎችን አሳምሞ ከ60 በላይ የሚሆኑትን ገድሏል። ያ ሌላ መድኃኒት ነበር፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ነው። ፈቃድ ከሌለው ቦታ የመጣ ወይም ስምና መጠኑ በግልጽ ያልተጻፈበት ብልቃጥ አይወሰድ።

«የመጠጥ ሱስ መድኃኒት ነው» ተብሎ የሚያፍርም አይጥፋ። መድኃኒቱ ራሱ አያሰክርም፤ ሱስም አያስይዝም። ስለሐላልነቱ ግን መጠየቅ መብታችሁ ነው። የካፕሱሉ ጀላቲን ከአሳማ የተሠራ፣ የፈሳሹም መበጥበጫ አልኮል ያለበት ሊሆን ይችላል። በትእዛዝ የሚቀመም ስለሆነ ከአትክልት በተሠራ ካፕሱል እንዲዘጋጅላችሁ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። በቀን አንድ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜም ማታ ስለሚወሰድ ለረመዷን ጾም አያስቸግርም። ሰዓቱን ስለማስተካከል ሐኪማችሁን አማክሩ።

ውድ አንባቢያን! ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አስተምረውናል። የሕክምና ዕውቀት ሳይኖረው የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆንም ነግረውናል። እንግዲያውስ ከሶላት በኋላ በመስጂድ በር ላይ «ያንን መድኃኒትህን ተውና ይህን ሞክር» ከማለታችን በፊት እናስብ። ወንድማችንን ከወደድነው «ሐኪምህን ጠይቅ፤ የጀመርከውንም አታቋርጥ» እንበለው። አላህ (ሱ.ወ) ለሕሙማኖቻችን ሁሉ ሺፋውን ያውርድላቸው። አሚን!