የልጅ ልጄ ሞተርና የእህቱ ነጠላ

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ከሐይቅ ደወለልኝ። «አባዬ፣ ይምጡና ይህን ልጅ ይምከሩልኝ፤ እህቱን ሊያስቆርጣት ነበር!» ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ከደሴ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ምሳ ሳይቀርብ ደረስኩ።

ልጄ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ስቲከር ይሠራል። የባጃጅ ጽሑፍ፣ የሱቅ ስም፣ ለመዋዕለ ሕፃናት ደግሞ ከባለቀለም ወረቀት የሚቆረጡ ፊደላት። ከአምባሰል፣ ከውጫሌ ሳይቀር ደንበኛ ይመጣለታል። በ2014ቱ ጦርነት ሱቁ ባዶውን ቀርቶ ስለነበር፣ አሁን ያለችው መቁረጫ ማሽን በብድር የተገዛች አሮጌ ናት። ወረቀቱን ከታች ሸካራ ብረት፣ ከላይ ትንንሽ ጎማዎች ቆንጥጠው ወደፊትና ወደኋላ ያመላልሱታል፤ ቢላዋዋ ግራና ቀኝ ትሄዳለች። ፊደሉ የሚወጣው ከሁለቱ እንቅስቃሴ ነው።

ችግሩ ጥቅልሉ ነው። 50 ሜትር ጥቅልል ከባድ ነው። ማሽኗ ራሷ እንድትጎትተው ከተተወች ጎማዎቹ ይንሸራተታሉ። ትንሽ በትንሽ ተጠራቅሞ የ«ቡ» እጅ ዝቅ ብላ ትቆረጥና «ቡና ቤት» የተባለው «ቢና ቤት» ሆኖ ይወጣል። በእኛ ፊደል የአንዲት ጭረት ቦታ ድምፁን ትቀይራለችና ደንበኛ አይቀበልም። ስለዚህ የ15 ዓመቱ የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከማሽኗ ኋላ ቆሞ ጥቅልሉን በእጁ ሲፈታ ያመሽ ነበር። ጥናቱም ጨዋታውም እዚያው ቀረ።

ልጁ መላ ፈለገ። ከሞተ ፕሪንተር ውስጥ ሞተር አወጣ፣ በጥቅልሉ መሐል እንጨት አሳለፈ፣ በቺንጊያ አገናኘው፣ ዞረ። የ5 ዓመቷ እህቱ ልታይ ጠጋ ስትል የነጠላዋ ዘርፍ በቺንጊያውና በእንጨቱ መሐል ገባ። ሞተሩ ደካማ በመሆኑ ቀጥ አለ እንጂ አንገቷን ይዞ ይጎትታት ነበር። ከድንጋጤ በቀር ምንም አልሆነችም። አባትየው ግን ነቅሎ ወደ ጓዳ ወረወረው።

ስደርስ ሁለቱም አኩርፈዋል። ልጁ «አባባ፣ እርስዎ ይፍረዱ» አለኝ። ምን እፈርዳለሁ? ልጄ በዚህ ዕድሜው ሬዲዮኔን ፈታትቶብኝ ነበር። መልሴ አለንጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ካቻቢቴ ሲይዝ አላየሁትም፤ ዛሬም ማሽኗ ስትቆም ባለሙያ ይጠራል፣ ይከፍላል። ስለ ነጠላዋ መደንገጡ ልክ ነው። መወርወሩ ግን ከእኔ የተማረው ነው። ይህንን በልጁ ፊት ባልናገርም ቡና እየጠጣን ለብቻው ነገርኩት። ዝም አለ። ቆይቶ ወደ ጓዳ ገባና ሞተሩን ይዞ ወጣ።

ሦስታችንም ተቀመጥን። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ፤ እስቲ ሥራህን አስረዳኝ አልኩት። ሲያስረዳኝ ስሕተቱ ታየኝ። ጥቅልሉን ከመሐሉ ነበር የሚያዞረው። ጥቅልሉ ሙሉ ሆኖ ውፍረቱ 14 ሴንቲ ሜትር ሲሆን አንድ ዙር 44 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ይለቃል፤ ሲያልቅና ወደ 7 ሲወርድ 22 ብቻ። ስለዚህ ጠዋት ወረቀቱ መሬት ላይ ይከመራል፣ ማታ ይወጠራል። «እንግዲያው ከሆዱ ሳይሆን ከቆዳው ይዙር» አልኩት። ወዲያው ገባው፤ ከብዙ ተማሪዎቼ ይልቅ ፈጠነ ብል አድልዎ አይመስለኝም።

ሁለት የፕላስቲክ የውኃ ቱቦ ጎን ለጎን አጋደምን። ጫፎቻቸው በአሮጌ ኩሽኔታ ላይ ይዞራሉ። እንዳያንሸራትት የባጃጅ ካላማዳሪያ አለበስናቸው። ጥቅልሉ ላያቸው ላይ ይጋደማል፤ ሞተሩ አንዱን ቱቦ ሲያዞር ጥቅልሉም በክብደቱ አብሮ ይዞራል። ወፍራምም ሆነ ቀጭን የሚለቀው ወረቀት እኩል ነው።

ሁለቱ ቱቦዎች ትይዩ ካልሆኑ ወረቀቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ከጥግ እስከ ጥግ በክር ለካን፤ ሁለቱ ክሮች እኩል እስኪሆኑ ግማሽ ቀን ፈጀብን። እግረ መንገዴን ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ አወጋሁት። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ስም የታወቀው ይህ ገዳም የብራና መጻሕፍት ቤት ነው። ቁም ጸሐፊ ብራናውን ከመጻፉ በፊት ዳርና ዳሩን በወስፌ ይበሳል፤ ከቀዳዳ ቀዳዳ መስመር ያሰምራል። መስመሩ ከተጣመመ ፊደሉም ይጣመማል። ልጁ ሰምቶ ቱቦዎቹ መቆሚያ ላይ በምስማር ምልክት ጫረ።

ሞተሩ መቼ ይነሣ፣ መቼ ይቁም? ይህን ልጁ ብቻውን ፈታው። በጥቅልሉና በማሽኗ መሐል ወረቀቱ እንደ ዥዋዥዌ ገመድ ረግቦ ይንጠለጠላል። እዚያ ላይ ቀላል ዘንግ አስተኛ። ማሽኗ ወረቀቱን ስትስብ ዘንጉ ከፍ ብሎ ማብሪያውን ይነካል፤ ሞተሩ ይፈታል። ወረቀቱ ሲረግብ ዘንጉ ይወርዳል፤ ሞተሩ ይቆማል። የውኃ ታንከራችን ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ ኳስ ሥራዋ ይኸው አይደል? ማሽኗ ወረቀቱን ወደኋላ ስትመልስም የረገበው ይቀበላታል።

ኤሌክትሪኩ ላይ ግን ጨከንኩ። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣው ፓወር ሰፕላይ የሚሰጠው 12 ቮልት ነው፤ ሣጥኑ ውስጥ ግን 220 ገብቶ ነው የሚለወጠው፣ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኤሌክትሪክ ሊያቁር ይችላል። ሣጥኑ እንዳይከፈት ተስማማን። ቺንጊያውን በላሜራ ከደንን፤ ላሜራውን የቆረጠውና ብሎኑን ያሰረው ልጄ ነው፣ በካቻቢቴ። ማጥፊያውን እጁ በሚደርስበት ቦታ አደረገው። ጥቅልሉና ቱቦው ተነካክተው ወደ ውስጥ የሚዞሩበት ቦታ ጣት ይስባልና እዚያም ከለላ ሠራን። መሬት ላይ በጠመኔ መስመር ተሰመረ፤ ትንሿ ከዚያ አታልፍም። እሷ ራሷ ዘበኛ ሆናለች፤ ባለፈው እሑድ እኔንም «አባባ፣ ነጠላዎን ይሰብስቡ!» ብላ መለሰችኝ።

አንዱ ኩሽኔታ ያቃጭላል፤ ቅባት ቢጠጣም አልተወም። በመጀመሪያው ሳምንት ለአንድ መዋዕለ ሕፃናት ከ«ሀ» እስከ «ፖ» ቆረጡ፤ «ቡ» ቡ ሆና ወጣች። የልጅ ልጄ አሁን ማታ ማታ ከማሽኗ ጎን ወንበር ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ያነባል፣ አልፎ አልፎ ቀና ብሎ ዘንጉን ያያል።

ስሰናበት አባቱ መኪና እስክሳፈር ሸኘኝ። «አባዬ፣ ያ ሬዲዮ አለ?» አለኝ። ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። ለቅዳሜ ይዤለት እሄዳለሁ።