በአራዳ መንገድ ላይ አንድን ሰው ከሕዝብ ለይቶ ስለ ማንሣት

ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው ሁሉ የሚያጋጥመው ችግር አንድ ዓይነት ነው። በዓይኑ ያያት ነጠላዋን አጣፍታ የምትሄድ አንዲት እናት ስትሆን፥ ሥዕሉን በተመለከተ ጊዜ የሚያገኘው ግን ታክሲውን፥ የመብራቱን ምሰሶ፥ የሱቁን ሰሌዳ፥ የሊስትሮውን ሣጥንና የአላፊ አግዳሚውን ጀርባ ነው፤ እናቲቱም በዚህ ሁሉ መካከል ተፈልጋ የምትገኝ ትሆናለች። ይህም የሚሆነው የሰው ልብ የወደደውን መርጦ ሌላውን ስለሚተው ነው፤ የፎቶግራፍ ማንሻ ግን ለማንም አያዳላምና በፊቱ ያለውን ሁሉ እኩል አድርጎ ይቀበላል። የቤተ ሰባቸውንና የወዳጆቻቸውን ሥዕል በመንገድ ላይ የሚያነሡ አንባቢዎቻችን ስለ በዙ፥ በዛሬው ገጻችን ስለዚሁ ነገር ጥቂት ለመናገር ወደድን።

በቀድሞው ዘመን ይህ ነገር ብዙ አያስቸግርም ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ አርመናዊው ሙሴ ቤድሮስ ቦያጅያን፥ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። በዚያን ዘመን መኳንንቱና ወይዛዝርቱ በፎቶግራፍ ቤት ተቀምጠው ሲነሡ ከኋላቸው መጋረጃ ይጋረድ ነበርና፥ ከተነሺው በቀር ዓይንን የሚስብ ሌላ ነገር አልነበረም። በመንገድ ላይ ግን የሚጋርድ የለም፤ መጋረጃውን ፎቶግራፍ አንሺው ራሱ ከመንገዱ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አለበት።

ለዚህም የመጀመሪያው መሣሪያ እግር ነው። ብዙ ሰው በተገኘበት ቦታ ቆሞ ያነሣና፥ ሥዕሉ ሳያምር በቀረ ጊዜ መሣሪያውን ይነቅፋል፤ ከዚህም የበለጠ ዋጋ ያለውን ለመግዛት ያስባል። ሁለት እርምጃ ብቻ ወደ ግራ ፈቀቅ ቢል ኖሮ፥ ከአያቱ ራስ ላይ የበቀለ የሚመስለው ምሰሶ ከእርሳቸው በራቀ ነበር። አራዳም ዳገትና ቁልቁለት ያለው ሰፈር መሆኑ ለዚህ ሥራ እጅግ ይመቻል። ከማዘጋጃ ቤቱ በታች ወደ ለገሃር የሚወርደውን የቸርችል ጎዳና የሚያውቅ ሰው የምንለውን በቶሎ ይረዳል፤ ከላይ ሆኖ ወደ ታች የሚያነሣ ሰው ከተነሺው ኋላ አስፋልቱን ያገኛል፥ ከታች ተንበርክኮ ወደ ላይ የሚያነሣ ግን ሰማዩን ያገኛል። በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ዋዜማ የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ከሥሩ ቆሞ ለሚያነሣው ሰው ጎልቶ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከፈረሱና ከፈረሰኛው ኋላ ሰማይ አለና።

ከእግር ቀጥሎ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. ኢዬር በተባለ ከተማ ያነሣውን፥ ጠመዝማዛውን ደረጃና በሥሩ በብስክሌት የሚያልፈውን ሰው የሚያሳየውን ሥዕል ብዙ ሰው ያውቀዋል። በእንዲህ ያለው አሠራር አስቀድሞ የሚመረጠው ቦታው ነው፤ ሰው ኋላ ይመጣል። በእኛም ሰፈር የጧት ፀሐይ በሚያርፍበት ጠርዝ ላይ፥ በሩ ተከፍቶ ውስጡ ጨለማ የሆነ አንድ ሱቅ ማግኘት ይበቃል። በዚያ በር ፊት የሚያልፈው ሰው ፊቱ በብርሃን፥ ከኋላው ያለውም በጥላ ስለሚሆን፥ ሳይቆረጥና ሳይሠረዝ ብቻውን ይታያል። ይህም ከጧቱ በአንድና በሦስት ሰዓት መካከል፥ ደግሞም ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው፤ በእኩለ ቀን ፀሐይ በአናት ላይ ስለምትቆም የዓይን ጉድጓድ ጨልሞ ባለሟሉንም ታማሚ ታስመስለዋለች። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ መጠበቅ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሰላምታ ለመስጠትና «እናቴ፥ ይፈቅዱልኛልን?» ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ ይገኛል። ሳያስፈቅድ ከሩቅ ሰርቆ የሚያነሣውን ሰው እኛ አናመሰግነውም።

ከሁሉ የሚከብደው ወር በገባ በ23 ቀን በጊዮርጊስ ቅጽር የሚነሣው ሥዕል ነው። በዚያን ዕለት ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ስለሚመጣ፥ ነጭ የለበሰን ሰው ነጭ ከለበሱት መካከል በቀለም መለየት አይቻልም። የሚለየው ሁኔታው ነው፤ ሁሉ ሲሰግድ የቆመ፥ ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲመለከት ፊቱን ወደ ልጁ የመለሰ፥ ወይም ከጥላው ሥር ብቻውን የተቀመጠ ሽማግሌ። በዚህም ጊዜ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። መሣሪያው ብዙ ነጭ ባየ ጊዜ ብርሃኑ የበዛ መስሎት ሁሉን ያጨልማልና የሰዎቻችን ፊት ከነጠላው በታች ጠፍቶ ይቀራል። በእጅ ስልክ የሚያነሣ ሰው በመስተዋቱ ላይ የተነሺውን ፊት በጣቱ ነክቶ ብርሃኑን ከፍ ያድርግ፤ የነጠላው ነጭነት ጥቂት ቢበዛ ጉዳት የለውም፥ ፊቱ ግን ከጠፋ ሥዕሉ የማን ነው?

አሁን ደግሞ የእጅ ስልኮች ከተነሺው ኋላ ያለውን በሒሳብ ብቻ የሚያደበዝዝ ብልሃት ይዘው መጥተዋል። ለቸኮለ ሰው ይረዳል፤ ነገር ግን የነጠላውን ዘርፍና የጎፈሬውን ጠርዝ ብዙ ጊዜ አብሮ ይበላል።

ይህን የመለየት ነገር እስከ መጨረሻው የወሰደው የአዲስ አበባው ልጅ አቶ ግርማ በርታ ነው። በከተማችን መንገድ የሚያልፉትን ሰዎች በእጅ ስልኩ እያነሣ፥ መንገዱንና ቤቱን ሁሉ አጥፍቶ፥ ሰውየውን ከጥላው ጋራ በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ አቆመው። የሥዕሎቹም ስም በአማርኛ «ተንቀሳቃሽ ጥላዎች» እንደ ማለት ነው። በዚህም ሥራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በአንድነት የሰጡትን ሽልማት ከአንድ የህንድና ከአንድ የኡራጓይ ፎቶግራፍ አንሺ ጋራ ተቀብሏል። በመንገድ ላይ ማንም የማያስተውለው ተላላፊ በእነዚያ ሥዕሎች እንደ መኰንን ብቻውን ቆሞ ይታያልና፥ ክብር የተሞላበት ሥራ ነው እንላለን።

ሆኖም ለቤተ ሰብ ሥዕል ይህን ሁሉ መደምሰስ አንመክርም። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት ዶሮ ማነቂያና ሌላውም የፒያሳ ሰፈር ሲፈርስ፥ ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ የከተማው ክፍል ተዛውረዋል። ከእነርሱ መካከል ዛሬ የአባቱን ሥዕል የሚያወጣ ሰው አባቱን አይቶ አይበቃውም፤ ከትከሻቸው በላይ የሚታየውን የእንጨት ሰገነት፥ የጎረቤቱን በር፥ የቧንቧውን ስፍራ በጣቱ እያመለከተ ለልጆቹ ይነግራል። የተነሺው ፊት ብቻ የቀረበት ሥዕል ግን ይህን ሊያሳየው አይችልም። ስለዚህ የጀርባውን ግርግር የምንቀንሰው ቦታው እስኪጠፋ ድረስ መሆን የለበትም፤ ከብዙ ምሰሶና ሰሌዳ መካከል አንዱን፥ ቦታው የሚታወቅበትን፥ ከተነሺው ጎን ፈዘዝ ብሎ እንዲታይ መተው ይገባል። ሥዕሉም ከታተመ በኋላ በጀርባው ላይ የተነሺውን ስም፥ ቀኑንና ሰፈሩን በእርሳስ መጻፍ ያስፈልጋል፤ «ፒያሳ» ብቻ ሳይሆን ከየትኛው በር ፊት እንደ ተነሣ ጭምር።