ዘንድሮ ለበዓል ስትገቡ አጎበሩን ራሳችሁ ስቀሉት

ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ከከተማ ወደ አገር ቤት የምትገቡ ሁሉ፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። የምትገቡበት ሰሞን ዝናቡ ቆሞ ኩሬው የሚቀርበት፣ በከብት ኮቴ ውስጥ ሳይቀር የወባ ትንኝ የምትራባበት ወቅት ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ቆላውና ወይና ደጋው በወባ ይታመሳል። ለእናት ነጠላ፣ ለአባት ጋቢ ይዛችሁ ስትሄዱ አንድ ሥራም አስቡ፤ አጎበሩን ከሣጥን አውጥታችሁ ስቀሉት።

በነፃ የታደለ አጎበር ተጣጥፎ የተቀመጠበት፣ እህል የተሸፈነበት ቤት ጥቂት አይደለም። ባለቤቶቹን መውቀስ ግን አይገባም። ምድጃውም መኝታውም አንድ ክፍል በሆነበት ጎጆ ቀኑን ሙሉ የተዘረጋ አጎበር መተላለፊያ ያሳጣል፤ ጭሱም ያጠቁረዋል። ስለዚህ ገመዱን ከወጋግራው ጋር እሰሩላቸው። ቀን ተጠቅልሎ ወደ ላይ ይታሰር፤ ሲመሽ ይውረድና ጫፉ ከፍራሹ ወይም ከሰሌኑ ሥር በደንብ ይጠቅጠቅ። ሲቆሽሽ በተራ ሳሙና ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣ፤ ፀሐይ አጎበሩ ላይ ያለውን የትንኝ መድኃኒት ያዳክመዋል። ወንዝ ውስጥ ግን አይታጠብ፤ መድኃኒቱ ዓሣ ይጨርሳል።

ከሰቀላችሁ በኋላ ማን ከሥሩ እንደሚተኛ እዩ። አጎበሩ ከአባወራው አልጋ በላይ ተሰቅሎ ልጆቹ መሬት ላይ የሚያድሩ ከሆነ ዝም አትበሉ። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ይቅደሙ፤ ወባ ፈጥኖ የሚገድለው እነሱን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሳው ወረርሽኝ 150 ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያንን እንደፈጀ ይገመታል። ያ ድሮ ቀርቷል የሚል ካለ፣ በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና ከ1,100 በላይ ሞት ተመዝግቧል።

ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ የሚለው ሰው ካለ ነገ አትበሉ፤ በዚያው ቀን ጤና ኬላ ውሰዱት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከጣት በምትወስደው ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ትለየዋለች። ክኒኑ ሻል ሲለው እንዳይቋረጥ ለአስታማሚው አደራ በሉ። ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ እንደገና ይነሳል፤ የጉበቱን መድኃኒት በታዘዘው ቀን ልክ ካልጨረሱት አይነቀልም።

ከደጋ ወርዶ መተማና ቋራ ሰሊጥ የሚያጭድ ወንድም ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉለት። ደጋ ያደገ ሰውነት ወባን አልለመደም፤ ሜዳ ላይ ሲያድር ይጥለዋል። አጎበር ይዞ ይውረድ። የእርሻ ባለቤቶችም፣ ሠራተኛ ስትቀጥሩ ማደሪያውንና አጎበሩን ከቀን ሂሳቡ ጋር አብራችሁ አዘጋጁ፤ ያተኮሰውን ሠራተኛ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ መኪናም ይኑራችሁ።